«ትንሽ ይረፍ» ያልኩት እኔ ነኝ

አባቴ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ዳባት አቅራቢያ ከበረት ሲመለስ አዳልጦት ወደቀ። ቀድመው የደረሱት ወጌሻ ናቸው። ዳሌውን ነካ ነካ አድርገው «ይሄ የኔ አይደለም፣ ጎንደር ውሰዱት» አሉን። በወጌሻ ብዙ ክፉ ይወራል፤ እኒህን ሰው ግን ዛሬም አመሰግናለሁ።

ጎንደር ውስጥ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። የተሰበረው የጭን አጥንት ራስ ወጥቶ ብረት ገባ። እኔም ለዘመድ ሁሉ «በሰላም አለቀ» እያልኩ ደወልኩ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ዎከር ይዛ መጣች። «አባባ፣ ዛሬ እንቆማለን» አለችው። ደነገጥኩ። «እህቴ፣ ገና ትናንት እኮ ነው የተሠራው፣ ትንሽ ይረፍ» ብዬ መለስኳት። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ክርክሩን ትታ ብርድ ልብሱን ገለጠችና «ተረከዛቸውን አይተኸዋል?» አለችኝ። ቀልቶ ሊላጥ ደርሷል። ሌሊቱን ሲያስለው እንዳደረም ያኔ ነው ልብ ያልኩት።

ሁለት ሰው ደግፎት ቆመ። አራት እርምጃ ሄዶ ላብ አጠመቀው።

እኔ የማስበው አጥንት እስኪገጥም ይተኛል እየተባለ ያደግንበትን ነው። የተተካ መገጣጠሚያ ግን በአብዛኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክብደት ይሸከማል። የሚጎዳው መተኛቱ ነው፤ በእግር ሥር ደም ይረጋል፣ ሳንባ አክታ ይይዛል፣ የአዛውንት ጡንቻ በቀናት ውስጥ ይከዳል። የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ ዳሌው ተሰብሮ የተሠራለት ሰው፣ የሚከለክል ነገር ከሌለ፣ በማግስቱ እንዲነሣ ያዛል። እኛ ጋ ግን በሽተኛን መውደድ ማለት ማስተኛት ነው። ጠያቂው ሁሉ ብርቱካኑን አስቀምጦ «አይዞህ፣ እንዳትነቃነቅ» ብሎ ይሄዳል።

ስንወጣ የተሰጠን አንድ ገጽ ወረቀት ነው፣ በእንግሊዝኛ። ዝቅ ያለ ነገር ላይ እንዳይቀመጥ፣ ቁጢጥ እንዳይል ይላል። ቤታችን ያለው መደብና ዱካ ነው፤ ሽንት ቤቱም ጉድጓድ። አናጢ ለምነን መሐሉ የተበሳ ወንበር አሠራን፣ አልጋውን በድንጋይ ከፍ አደረግን። ከሁሉ የከበደው ስግደት ሆነ። የንስሐ አባቱ «መቋሚያህን ተደግፈህ ቁም፣ ይበቃሃል» ባይሉት ኖሮ አይሰማንም ነበር።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የፊዚዮቴራፒ የዲግሪ ትምህርት የጀመረ ተቋም ነው። ባለሙያው ከተማ ውስጥ አለ ማለት ነው። ከዳባት ጎንደር ግን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም እንደምታውቁት አንድ ቀን ክፍት፣ ሦስት ቀን ዝግ። ሁለት ቀጠሮ አለፈን። ልጅቷ በስልክ እየመራችን የጎረቤት ልጅ እስከ አጥር ድረስ እርምጃውን ይቆጥርለት ነበር።

ይህ ለአንድ ሰው በጎ ፈቃድ የሚተው ነገር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየቀበሌው አለች፤ ጥቂት እንቅስቃሴዎችን እሷ ብትማር፣ ወረቀቱም በአማርኛ ቢሆን፣ አስታማሚውም ከቀዶ ጥገናው በፊት ቢነገረው ምን ያህል ገንዘብ ይጠይቃል? ቢነገረኝ ኖሮ ዎከሩን አልመልስም ነበር።

አባቴ አሁን በከዘራ ገበያ ይሄዳል። የቀዶ ጥገናው ቁስል የካቲት ላይ ደረቀ። የተረከዙ ግን እስከ ፋሲካ ቆየ።