ሳሎን ውስጥ የተገጣጠመች ሳይክል



ባለፈው እሑድ የሳይክሌን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ የውስጥ መስመሬ በጥያቄ ተጨናንቋል። "ዶክተር፣ እውነት ራስሽ ነሽ የገጣጠምሻት?"፣ "ካርቦን ማለት ከሰል ነው እንዴ?"፣ "ለስኳር ታማሚ ትሆናለች?"፣ "ለልጄ የትኛውን ልግዛለት?" የሚሉ ናቸው። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፈው። ትንሽ ይረዝማል። ወላጆች ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ለእናንተ ዋናው ነገር ያለው ወደ ታች ነው።

አዎ፣ ራሴ ነኝ የገጣጠምኳት። ፍሬሟና የፊት ሹካዋ አሜሪካ ካለችው እህቴ የመጡ ናቸው። ሦስት ዓመት ነድታቸው፣ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅለው ቀሩ። ቁመታችን አንድ ስለሆነ ልኬ ነው። የቀረው ዕቃ ሰው በመጣ ቁጥር በየሻንጣው ጥግ እየተወተፈ መጣ፤ ሰባት ወር ፈጀ። የገጠምኩት ከተረኝነት መልስ፣ ማታ ማታ፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ካርቶን አንጥፌ ነው። እናቴ አንድ ቀን ገብታ እጄን አየችና "ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለግራሶ ነው?" አለችኝ። እማዬን ምን ልበላት? ክሊኒክ ውስጥ የሰጠሁት መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱን የማውቀው ከወር በኋላ ነው፤ ያውም ታካሚው ከተመለሰ። ብሎን ግን ወይ ጠብቋል ወይ አልጠበቀም። ይሄ ለእኔ እረፍት ነው።

ካርቦኑ ከሰል አይደለም። ከፀጉር ብዙ እጥፍ የቀጠኑ የካርቦን ክሮች በንብርብር ተደርድረው በኢፖክሲ ሙጫ ሲያያዙ ጠንካራና በጣም ቀላል ነገር ይወጣቸዋል። የእኔ ፍሬም ባዶውን 1,180 ግራም ነው፤ የስምንት ዓመት ልጄ በአንድ እጇ ከራሷ በላይ አንሥታው ስትስቅ ነበር። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው። ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ካርቦን ውስጡ ተጎድቶ ከላይ ቀለሙ ብቻ የተጫረ ሊመስል ይችላል፤ ከዚያ አንድ ቀን ሳይጎብጥ በድንገት ይሰበራል።

ስለዚህ ከምንም በፊት ፍሬሙን እንደ ታካሚ መረመርኩት። አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግኩት፤ ጥጡ የሚያዝበት ቦታ ካለ እዚያ ስንጥቅ ይጠረጠራል። የእጅ ባትሪ በጎን እያበራሁ አየሁት። ከዚያ በአንድ ብር ሳንቲም ከላይ እስከ ታች ቀስ እያልኩ አንኳኳሁት። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ንብርብሩ የተላቀቀበት ቦታ ድምፁ ይፈዛል። ደረታችሁን በጣታችን እየመታን የምናዳምጠውም በዚሁ መንገድ ነው። ዘዴውን ለሕክምና ያስተዋወቀው ሊዎፖልድ አውንብሩገር የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም ነው፤ መጽሐፉ የታተመው በ1761 እ.ኤ.አ. ነው። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበረው፤ በርሜል ውስጥ ምን ያህል ወይን እንደቀረ በማንኳኳት ሲለይ እያየ አድጓል ይባላል።

ፍሬሙ ንጹሕ ነበር። አብሮ የመጣው የካርቦን መሪ ግን ልክ መሃሉ ላይ፣ ማሰሪያው በሚይዘው ቦታ፣ ዙሪያውን የዞረ ጭረት ነበረበት፤ ድምፁም አላማረኝም። ታናሽ ወንድሜ "ቀለም ነው፣ ምንም አይሆንም" አለ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቁልቁለት ላይ መሪ የተሰበረበት ሰው የሚወድቀው በፊቱ ነው። በአሉሚኒየም ቀየርኩትና 100 ግራም ጨመረብኝ። አሮጌውን ቆራሌው ወስዶ ለሌላ ሰው እንዳይሸጠው በመጋዝ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት።

መጋዝ ካነሣሁ አይቀር ስለ ብናኙ ልንገራችሁ። ካርቦን ሲቆረጥም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚወጣው ብናኝ ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይንን ይቆጠቁጣል፣ ሲተነፍሱትም የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል። እኔ ግቢ ወጥቼ፣ ኤን 95 ማስክና መነጽር አድርጌ፣ ውኃ እያንጠባጠብኩ ነው የቆረጥኩት። ልጄ ያን ጊዜ አያቷ ጋ ነበረች። መጥረግ ብናኙን መልሶ ያስነሣዋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት ይሻላል። እንጨት ቤት ወይም ብረታ ብረት ቤት የምትሠሩ ታካሚዎቼም ይህን ለራሳችሁ ውሰዱት።

ብሎኖቹ ላይ መካኒኮች ቶርክ ሬንች የሚሉትን፣ ምን ያህል እንዳጠበቃችሁ የሚለካ ቁልፍ ተጠቀምኩ። የመሪው ማሰሪያ ላይ 5 ኒውተን ሜትር ተጽፏል። ይህ ማለት አንድ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ ግማሽ ኪሎ ስኳር ማንጠልጠል ነው፤ ያን ያህል ትንሽ ነው! በእልህ ያጠበቀ ሰው ካርቦኑን ይጨፈልቀዋል፤ ያላላ ደግሞ መንገድ ላይ መሪው ይዞርበታል። ፍሬኑ ላይም አንድ ነገር አለ። የእኔ በሚኒራል ዘይት የሚሠራ ስለሆነ የመኪና ፍሬን ዘይት ቢገባበት ጎማ ማሸጊያዎቹ አብጠው ይበላሻሉ። ሁለቱንም ዘይት በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ሕፃን ልጅ ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይለይም።

ጎማዬ ካላማዳሪያ የለውም። ውስጡ ነጭ ፈሳሽ ይጨመራል፤ እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል። ጎማው ቸርኬው ላይ እንዲቀመጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ንፋስ ስለሚፈልግ ሰፈራችን ጎሚስታ ዘንድ ወሰድኩት። ልጁ ጎማው ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ሳያልፍ ሞላውና ተቀመጠ፤ ከዚያ ወደ 22 ፒ.ኤስ.አይ. አውርድልኝ ስለው "ዶክተር፣ ይሄ እኮ ባዶ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ሰፊ የተራራ ጎማ ስለሆነና እኔም 61 ኪሎ ስለሆንኩ ይበቃኛል፤ ድንጋይ ላይ የሚይዘው ሲለሰልስ ነው። ከዚህ ውስጥ የሕክምናው ጉዳይ ፈሳሹ ነው። አብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ላቴክስ ነው። ፊኛ ሲነፉ ከንፈራቸው የሚያሳክካቸው ወይም የላቴክስ ጓንት እጃቸውን የሚያሳብጠው ሰዎች አይንኩት። በተለይ በአከርካሪ ክፍተት የተወለዱና ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ልጆች ለላቴክስ አለርጂ በጣም የተጋለጡ ናቸው። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ፊኛም ቢሆን አስቡበት።

ሁሉ ተገጥሞ ሲመዘን 10 ኪሎ ከ300 ግራም ሆነ። "ታዲያ ለጤና ካርቦን መግዛት አለብኝ?" ላላችሁኝ፣ የለባችሁም። ሒሳቡ ይኸውና። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ 15 ኪሎ በምትመዝን ተራ ሳይክል ብወጣ ከእኔ ጋር 76 ኪሎ ነን፤ በዚችኛዋ 71 ኪሎ ከ300። ልዩነቱ 6 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ ቢበዛ 4 ደቂቃ ቢያተርፈኝ ነው። ይህ ለተወዳዳሪ ብዙ ነው፤ ለእኔና ለእናንተ ግን የሻይ ማፍያ ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ሲል በየትኛው ሳይክል አላለም። እኔ የገጠምኳት ስለወደድኳት ነው፤ የጤና ምክንያት አልለጥፍባትም።

ለስኳር ታማሚዎች ሳይክል ጥሩ እንቅስቃሴ ነው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የምትወስዱ ግን ስኳር ወይም ከረሜላ ሳትይዙ አትውጡ፤ መጠኑንም ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። ስትነዱ ደረታችሁን ከተጫናችሁ ወይም ካዞራችሁ ወርዳችሁ ተመርመሩ፣ "ያልፋል" አትበሉ። ትንሿና የቀለበት ጣታችሁ እየደነዘዘ ከሆነ መዳፋችሁ ላይ ያለፈው ነርቭ ተጨቁኗል ማለት ነው፤ የእጅ አያያዛችሁን እየቀያየራችሁ ንዱ፣ መሪውንም ትንሽ ከፍ አድርጉት። ከጉልበታችሁ ፊት ለፊት የሚያማችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ መቀመጫችሁ ዝቅ ስላለ ነው። ተረከዛችሁን ታች በደረሰ ፔዳል ላይ ስታደርጉ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት።

አሁን ወላጆችን ወደምፈልግበት ደረስኩ።

ዕቃዎቹን አንድ በአንድ የመዘንነው ኬክ በምጋግርበት ሚዛን ነው፤ ጸሐፊዋ ልጄ ነበረች። ሹካ 1,700፣ መቀመጫ 230፣ ሰንሰለት 250 እያለች ደብተሯ ላይ አሰፈረች። ከሁሉ የቀለሉት በመሪው ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ የሚሰኩት ሁለት የፕላስቲክ ውታፎች ናቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ 14 ግራም። "ይሄ ምን ይሠራል?" አለችኝ። ግራም የሚቆጥሩ አንዳንድ ሰዎች እነዚህን አውጥተው ይጥላሉ። እኔ ግን አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

ጥቂት ዓመታት ይሆናል፤ ድንገተኛ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንድ አባት የዘጠኝ ዓመት ልጁን ታቅፎ መጣ። ልጁ ከሰዓት በኋላ ሰፈር ውስጥ በደቂቃ ከሚከራይ ሳይክል ላይ ወድቋል። መኪና አልነካውም፣ ፍጥነትም አልነበረውም፤ መሪው ተጠማዞበት ጫፉ ላይ በሆዱ ወደቀ፤ በቃ። ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ ቤቱ ገብቷል። እራት አልበላም፤ ማታ አስመለሰው። አባትየው "ከዚህ የባሰ ወድቆ ያውቃል እኮ፣ ዶክተር" ይለኛል። ልጁ ነጭ ሆኗል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ ግን የሚያለቅሰው ስለ ግራ ትከሻው ነው። ትከሻው ላይ ምንም የለም። ልብሱን ስገልጥ ከግራ ጎድኑ በታች ስሙኒ የምታክል ክብ ቀይ ምልክት አየሁ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ጣፊያው ተሰንጥቆ ሆዱ ውስጥ ደም ነበር። ትከሻውን ያሳመመውም ያ ደም ነው፤ ድያፍራሙን ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ደም ተሰጠው፣ በቅርብ ክትትል ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልገው ዳነ። አባቱ ጠዋት ላይ እጄን ይዞ ምንም ሳይል ቆየ።

የልጆች ሳይክል የመሪ ጫፍ ላይ ያለው ጎማ ሲያረጅ ይቦጫጨቃል፤ ውስጥ ያለው ራቁት የብረት ቱቦ ይወጣል። የልጁ ክብደት በሙሉ በዚያች ሁለት ሴንቲ ሜትር ክብ ላይ ያርፋል። የልጅ የሆድ ጡንቻ ስስ ነው፣ ጎድኑም ገና ለስላሳ ስለሆነ ጉበቱን፣ ጣፊያውን፣ ቆሽቱንና አንጀቱን እንደ አዋቂ አይከልልለትም። የቆሽትና የአንጀት ጉዳት ደግሞ ከአንድ ቀን በኋላ ሊገለጥ ይችላል፤ ልጁ እስከዚያ ሲጫወት ይቆያል።

ስለዚህ ልጃችሁ መሪ ሆዱን ከመታው ልብሱን አንሥታችሁ እዩት። ክብ ምልክት ካለ፣ ሕመሙ ካልለቀቀው፣ ካስመለሰው፣ ትከሻዬን ካለ፣ ከገረጣ፣ ሆዱ ከጠጠረ ወይም ሽንቱ ከቀላ በዚያው ሰዓት አልትራሳውንድ ወዳለበት ጤና ተቋም ውሰዱት። ማስታገሻ ሰጥታችሁ አታስተኙት። ተረኛውን ሐኪም "ከሳይክል ወደቀ" ብቻ አትበሉት፤ "የመሪው ጫፍ ሆዱን መታው" በሉት። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ትቀይረዋለች።

ቤት ውስጥ የልጅ ሳይክል ያላችሁ ዛሬ ማታ የመሪውን ሁለት ጫፍ በጣታችሁ ዳስሱት። ብረት ከነካችሁ ጫፉ የተደፈነ አዲስ የእጀታ ጎማ ግዙለት፤ እስኪገኝ የወይን ጠርሙስ ቡሽ በልኩ ተቀርጾ ጠበቅ ተደርጎ ቢሰካ ይይዛል፤ እኛ ቤት ያለችውን ትንሿን ሳይክል እንዲያ አድርጌያታለሁ። መሪውን ሳታዞሩ ደግሞ የፊት ጎማውን በጉልበታችሁ መሃል ይዛችሁ ለማጣመም ሞክሩ፤ ከዞረ ብሎኑ ላልቷል። የሚከራዩላቸውንም እዩ፤ ፍሬን የሌለውን፣ ልጆች በጫማቸው ሶል ጎማውን እየተጫኑ የሚያቆሙትን፣ አታስከራዩላቸው።

የሄልሜት ልክ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ ለብቻው ሳምንት እጽፋለሁ። የልጆቻችሁን የራስ ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ከዕድሜያቸው ጋር ከታች ጻፉልኝ፤ መለኪያው ከቅንድብ ትንሽ ከፍ ብሎ ይዞራል።