ተኝታ ስትተነፍስ

ኩሌ የሄድኩት ለሶፍትዌር ሥራ ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የሚኖሩበት የጋምቤላ መጠለያ ነው። ባረፍንበት ግቢ አይጥ የምትይዝ አንዲት ድመት አለች። አንድ ማታ ተኝታ ጎኗ ቶሎ ቶሎ ሲነሳ አየሁና ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ፦ በደቂቃ 46። ጤነኛ ድመት ተኝታ ከ30 ብዙም አታልፍም።

ሳነብ አመሸሁ። የልብ ጡንቻ ሲወጠር ደም ውስጥ የሚጨምር ኤንቲ ፕሮቢኤንፒ የሚባል ነገር አለ። ትንሽ ደም ተቀድቶ ይለካል፤ ከፍ ካለ ልብ ይጠረጠራል፣ ዝቅ ካለ ወደ ሳንባ ይታያል። ቁርጡን የሚናገረው ግን የልብ አልትራሳውንድ ነው። ሎግ እያነበብኩ ስህተት ስፈልግ ለምውል ሰው ነገሩ ገብቶኛል። መመርመሪያው ነው የሌለኝ።

ጠዋት ለጥበቃው ነገርኩት።

«ሙቀቱ ነው ወንድሜ።»

ሊሆን ይችላል፤ ሙቀትም ያስለከልካል። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አፈርኩ፤ ከአጥሩ ማዶ ሰው ለራሱ ሕክምና ተሰልፎ እኔ ለድመት የደም ምርመራ አምሮኛል። ቢሆንም ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ወጥቼ ቆጠርኩ። 38። በማግስቱ 44።

ቁጥሮቹ አሁንም ስልኬ ላይ አሉ።