የንጉሥ ደጅ

ከግእዝ ወደ አማርኛ ስመልሰው ሰባት ዓመት የፈጀብኝ ሥራ በመሳቢያዬ ተኝቶ ሳለ፣ አንድ ባለጸጋ የማሳተሚያውን ወጪ ልቻልልህ አሉኝ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ በመጽሐፉ መግቢያ የእርሳቸው መቅድም እንዲገባ፣ ረዘም ያለውም ክፍል ለገበያ እንዲያጥር። ደጅ ጥናት ከአያቶቼ ዘመን ጋር ያለፈ ይመስለኝ ነበርና ከፋኝ። ላስብበት ብዬ ተለየኋቸው።

በዚያ ሰሞን «በራላም ወይዋስፍ»ን አነብ ነበር። አባ ዕንባቆም ይህን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት ለዓፄ ገላውዴዎስ ነው። የተረኩ ሥር ግን የቡድሃ ሕይወት ነው። የሕንዱ ልዑል ታሪክ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ኖሮ በንጉሥ ደጅ በኩል ወደ እኛ ከገባ፣ የቡድሃ መጻሕፍት ራሳቸው በማን ደጅ አለፉ? ይህን ስጠይቅ ከሽዋንዛንግ ጋር ተገናኘሁ።

ቻይናዊው መነኩሴ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ሕንድ የወጣው፣ በቋንቋው ያሉት ትርጉሞች እርስ በርሳቸው ቢጋጩበት ነው። ድንበር መሻገር ተከልክሎ ስለ ነበር ተደብቆ ወጣ። በ645 ግን 657 መጻሕፍት አስጭኖ ሲመለስ፣ ትእዛዙን የጣሰበት ያው ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ በክብር ተቀበለው።

የንጉሡ ልብ ከመጻሕፍቱ ይልቅ መነኩሴው ባያቸው የምዕራብ አገሮች ላይ ነበር። ምንኩስናውን ትቶ ሹመት እንዲቀበል ወተወተው፤ ሽዋንዛንግ እምቢ አለ። የአገሮቹን ታሪክ ግን ጽፎ በ646 አስረከበ። በአንጻሩ መተርጐሚያ ስፍራና ረዳቶች አገኘ። በ648 ንጉሡ ራሱ ለትርጉሞቹ መቅድም ጻፈላቸው፤ የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎችም አዲሶቹን ትርጉሞች በዘጠኝ ቅጂ ገልብጠው ወደ ዘጠኝ አውራጃዎች እንዲላኩ አዘዘ። አንድ መነኩሴ በእግሩ ዞሮ የማያዳርሰውን በአንድ ቃል አዳረሰው።

እዚህ ላይ ለባለጸጋው እሺ ልላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ታይዞንግ በ649 ሞተ። ከ11 ዓመት በኋላ ሽዋንዛንግ፣ በእርጅናው፣ 600 ጥቅል የሚሆነውን ታላቁን የጥበብ መጽሐፍ መተርጐም ጀመረ። ደቀ መዛሙርቱ እንዲያሳጥረው ለመኑት፤ እርሱም ሊያሳጥር ፈቀደ። ያን ሌሊት በአስፈሪ ሕልም ሲባንን አደረ። ሲነጋ አንዲት ቃል እንደማያስቀር ነገራቸው። በ663 ፈጸመ፤ በ664 አረፈ።

የንጉሡ መቅድም በድንጋይ ተቀርጾ፣ ለመጻሕፍቱ ማኖሪያ በታነጸው በሺያኑ የዱር ዝይ ግንብ ሥር ዛሬም ቆሟል። የንጉሡ ስም ፊት መቅደሙ ከመጽሐፉ አንዲት ቃል አላጐደለም። እኔ የተቀየምኩት ግን ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ አድርጌ ነበር።

በማግስቱ ደወልኩላቸው። «መቅድሙን ይጻፉ፤ ደስ ይለኛል። ከሥራው ግን አንድ ገጽ አይወጣም» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ «ላስብበት» አሉኝ።

ሥራው ዛሬም መሳቢያው ውስጥ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ሳልባንን አድራለሁ።