የጥሩንባው የዘር ሐረግ

ሠርግ ላይ ከሽማግሌዎች ጠረጴዛ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሙዚቃ ሒስ ሳይሰማ አይነሳም። ወጣቶቹ የዘመኑን ዘፈን ሲያስከፍቱ አንዱ አጎት አንገቱን ነቅንቆ፣ «ይሄ ደግሞ ምን ባህል አለው! ያንን የጥንቱን፣ ጥሩንባና ሳክስፎን ያለበትን አምጡልን እንጂ» ይላል። እኔ ከአጎት ጋር አልከራከርም፤ ጉርሻ ይቀርብኛል። እዚህ ግን ልተንፍሰው፦ ጋሼ፣ ያ ጥሩንባ የማን ልጅ ነው?

ሐረጉ ቢቆጠር ኢየሩሳሌም ያደርሳል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. እዚያ ሲደርሱ፣ በኦቶማን ቱርክ እልቂት ወላጆቻቸውን ያጡ አርመናውያን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙና 40 ሆነው አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የሀገር ፍቅር ስሜታችን ራሱ በአርመን እጅ ተቀመረ ማለት ነው! የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የእኛን ዜማ ለኦርኬስትራ አዘጋጁ።

ከዚያ ጥሩንባው ወታደር ቤት ገባ። ጥላሁን ገሠሠና ማህሙድ አህመድ ከክቡር ዘበኛ፣ አለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ናቸው። ስንቱን ያስለቀሰ የፍቅር ዘፈን ከካምፕ ወጣ።

ሸክላውስ? ማሳተም በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት ያለው ወጣት በ1960ዎቹ መግቢያ አዋጁን ጥሶ የአለማየሁን ዘፈን ሕንድ አገር አሳተመ። እንግዲህ ጋሼ የሚናፍቁት ጥንታዊ ባህል ከኢየሩሳሌም የመጣ፣ ዩኒፎርም የለበሰ፣ በሕገ ወጥ መንገድ የታተመ ነው። ክብሩ ግን በዚህ አይቀንስም፤ እንዲያውም እኔ የበለጠ የወደድኩት ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው።

ዓለም «ቅርስ» ያለው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አልበም እነዚያን ሸክላዎች በፈረንሳይ እንደገና ማሳተም ሲጀምር ነው። እስከዚያ ድረስ ያቆየው ካሴት ነበር፤ ከካሴት የተቀዳ ካሴት፣ እሱም ከሌላ የተቀዳ። እኛ ቤት የነበረው የማህሙድ ካሴት ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት ተደቅነው የተቀዳ ስለሆነ፣ ዘፈኑ መሀል ላይ ሰው በር ያንኳኳል፤ ሴትዮዋም «ማነው?» ትላለች። የፈረንሳዩ ቅጂ ጥርት ያለ ነው፣ እጅ ያስቆረጥማል። ሴትዮዋ ግን የለችበትም፤ እንደኔ እንደኔ ዘፈኑ ጎዶሎ ነው።