ለሁለት ሰው አንድ መቅዘፊያ

መቋሚያ ሲገዛ ያያችሁት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገውን አስታውሱ። ዋጋውን ከመጠየቁ፣ የእንጨቱን ዓይነት ከመመርመሩ በፊት መሬት ላይ አቁሞ ከራሱ ቁመት ጋር ያስተያየዋል። ስለ ሌላው ነገር የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። የቁም ቀዘፋ መቅዘፊያም የሚመረጠው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ ዘንጉ ከቁመታችን አልፎ ከአናታችን በላይ መውጣቱ ብቻ ነው።

የቁም ቀዘፋ የምለው ሰው በሰፊ ሳንቃ ላይ ቆሞ፣ በአንድ ረጅም መቅዘፊያ ውኃውን ወደ ኋላ እየገፋ የሚሄድበትን ጨዋታ ነው። በዛሬ መልኩ የወጣው ከሃዋይ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ ማዕበል መጋለብ ያስተምሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ፣ ተማሪዎቻቸውንና የሚመጣውን ማዕበል ከፍ ብለው ለማየት ሲሉ የታንኳ መቅዘፊያ ይዘው በሳንቃቸው ላይ ይቆሙ ነበር። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እነ ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማ ለቆመ ሰው የሚሆን ረጅም መቅዘፊያ ይዘው ነገሩን ዓለም እንዲያውቀው አደረጉ። በ2008 የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ኃይል ሳንቃውን ከማዕበል መጋለቢያ ሥፍራ ውጭ ሲገኝ እንደ ጀልባ ቆጠረው፤ ከዚያ ወዲህ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይዙ መውጣት ክልክል ነው። ባሕር ዳር ላደገ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። የጣና የደንገል ታንኳ ስንት ዘመን ሰውና ማገዶ ሲያመላልስ ጀልባ መሆኑን ማንም በወረቀት አላጸደቀለትም።

የእኔ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ያነሰ ነው። የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ቤት ውስጥ ስለ ትምህርት ቤቷ ስጠይቃት መልሷ አንድ ቃል ነው፤ «ደኅና»። በመኪና ውስጥም ያው ነው። ቅዳሜ ጠዋት በፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ እሷ ከሳንቃው ፊት ተቀምጣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ስቀዝፍ ግን ታወራለች። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛው መምህር ስሟን አሁንም አጣሞ እንደሚጠራት፣ አማርኛዋን ሰምተው የሳቁባት የዘመድ ልጆች እነማን እንደሆኑ የሰማሁት እዚያ ነው። ምላሷን የሚፈታው ፊቴን አለማየቷ ይመስለኛል። ከኪ ድልድይ ሥር አልፈን፣ የሩዝቬልት ደሴት ዛፎች ሲቀርቡ ዞር ሳትል «አባዬ፣ ተራዬ ነው» ትለኛለች። እሷ ትነሣለች፣ እኔ እቀመጣለሁ። ያን ጊዜ መቅዘፊያው ከእኔ ቁመት ወደ እሷ ቁመት መውረድ አለበት፤ ያውም ውኃ ላይ፣ በረጠበ እጅ፣ ሳንቃው ከሥራችን እየተወዛወዘ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በረጋ ውኃ ላይ ለሚቀዝፍ ሰው የተለመደው ልክ የራስ ቁመት ሲደመር ወደ 20 ሴንቲሜትር ነው፤ ማዕበል ለሚጋልብ ከዚህ ያጥራል። እኔ 178 ስለሆንኩ ወደ 198 ያስፈልገኛል። ልጄ ባለፈው ዓመት 150 ነበረች፤ ለእሷ 170 ይበቃል። ልኩ ሲስት ሰውነት ይናገራል። መቅዘፊያው ሲረዝም የላይኛው እጅ ከራስ በላይ ይሰቀልና ትከሻ ያመዋል፤ ሲያጥር ደግሞ ሰው ውኃውን ለማግኘት ይጎብጣል፣ ወገቡም ይከፍላል። ብዙዎቹ ቁመታቸው የሚስተካከል መቅዘፊያዎች ከ170 እስከ 215 ሴንቲሜትር ገደማ ይዘረጋሉ። እኛ ሁለታችን እዚያ ውስጥ እንገባለን፤ እሷ ከታችኛው ጫፍ ላይ፣ ለጥቂት።

የሱቁ ሻጭ ጨዋ ልጅ ነበር። ቁመቱ የማይለወጥ፣ ወጥ የሆነ መቅዘፊያ ይሻላል አለኝ፤ ይቀላል፣ መገጣጠሚያ ስለሌለው አይወላወልም፣ ኃይል አያባክንም። እውነቱን ነው። ብቻዬን የምቀዝፍ ወይም የምወዳደር ብሆን የእሱን ምክር በወሰድኩ። «ሁለት ወጥ መቅዘፊያ ግዛና ይዘህ ውጣ» ሲለኝ ግን ሳንቃችን ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አላየም። የማይቀዘፍበት ሁለተኛው ዘንግ የት ይተኛል? በእግራችን መካከል?

ስለ ክብደት ብዙ ተወራ። አሉሚኒየሙ ወደ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ፋይበርግላሱ ከዚያ ይቀላል፤ ካርቦን ፋይበሩ ከ600 እስከ 700 ግራም ነው፣ ዋጋው ግን ወደ ላይ ይሸሻል። አራት መቶ ግራም ምን ያደርጋል የሚል ካለ ያስላ፦ በደቂቃ 40 ጊዜ የሚቀዝፍ ሰው በአንድ ሰዓት 2400 ጊዜ ያነሣዋል፤ ያ ትርፍ ክብደት ሲደማመር 960 ኪሎ ነው። አንድ ቶን ሊሞላ ምንም አልቀረው። እኔ መካከለኛውን ወሰድኩ፣ ኪሴና ትከሻዬ የተስማሙበትን።

ይልቅ ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ መቆለፊያው ነው። ሦስት ዓይነት አየሁ። አንዱ ቀዳዳ ባለው ዘንግ ላይ ብቅ የሚል የስፕሪንግ ቁልፍ ነው፤ እሱ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይዘላል እንጂ በመካከል አይቆምም፣ እጀታውም በጥቂቱ ይሽከረከራል። ሁለተኛው ከላይ እጀታው ላይ ያለች ምላስ ስትነሣ ውስጡ የሚላላ፣ ስትተኛ የሚጠብቅ ነው፤ ያምራል፣ ነገር ግን አሸዋ ከገባበት ያኮርፋል። ሦስተኛው ዘንጉን ከውጭ አቅፎ የሚይዝ፣ በአውራ ጣት የሚከፈት ማጥበቂያ ነው። ከዚህ ቀደም በተከራየነው መቅዘፊያ ላይ ልጄ እየቀዘፈች ሳለ መቆለፊያው ተንሸራቶ ዘንጉ በእጇ ላይ አጠረባት፤ ወደ ፊት ተደፋች፣ ውኃ ውስጥም ገባች። ሰደርያዋን ለብሳ፣ ሳንቃው በእግሯ ታስሮ ስለነበር ከሳቅ በቀር የደረሰ ነገር የለም። እኔ ግን ያንን ድምፅ፣ ፕላስቲክ በአሉሚኒየም ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማውን ሲጥታ፣ አልረሳሁትም። ስለዚህ በሱቁ ውስጥ እያንዳንዱን ቆልፌ፣ ጫፉን ምንጣፉ ላይ አስደግፌ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ሻጩ ትንሽ ተሳቀቀ። ከውጭ የሚያቅፈው አልተነቃነቀም።

የቀረው ውኃውን የሚገፋው ሰፊ ጫፍ ነበር፤ መዳፍ ልበለው። መዳፉ ከዘንጉ ጋር በአንድ መስመር አይሄድም፣ ወደ ፊት አሥር ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። አዲስ ሰው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አዙሮ እንደ አካፋ ይይዘዋል፤ ዳር ላይ ለተቀመጠ ተመልካች ይህ ነጻ ትርዒት ነው። ስፋቱ ከ500 እስከ 650 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይለያያል። እዚህ ላይ «የሚስተካከል» የሚለው ቃል ያልቃል። ዘንጉ ለሁለት ሰው ይረዝማል፣ ያጥራል፤ መዳፉ ግን ያው ነው። ለእኔ ክብደት የሚሆነው ሰፊው የእሷን ትከሻ በሃያ ደቂቃ ያደክማል፤ ለእሷ የሚሆነው ጠባቡ እኔ ስይዘው በአንድ ቀዘፋ የምሄደውን በአንድ ተኩል እንድሄድ ያደርገኛል። ሻጩ መካከለኛ አቀረበልኝ። ጠባቡን አልኩት።

ሲመሽበት ቶሎ መድረስ የሚፈልግ ሰው ምርጫዬን ሞኝነት ይለው ይሆናል። ፖቶማክ እዚያ ድረስ የባሕር ሞገድ ተጽዕኖ ይደርሰዋል፣ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሲጎድል ተቃራኒውን ስንወጣ በጠባብ መዳፍ መቀዘፍ አድካሚ ነው። ያኔ ወደ ዳር ተጠግተን እንሄዳለን፣ ጉዞውም ይረዝማል። ወሬውም እንዲሁ።

ዘንጉ ላይ በሴንቲሜትር የታተሙ ቁጥሮች አሉ። ባለፈው ሰኔ የእሷ 170 ነበር። በዚህ ዓመት ስንጀምር 177 ላይ ቆለፈችው፣ እኔን ሳትጠይቅ፤ ቀና ብላ የእኔን ቁጥር በጣቷ ነካችና «ሃያ አንድ ቀረኝ» አለች።