የእረኛ ምግብ

ቤን አበባን የማያውቅ ላሊበላዊ የለም። ስኮትላንዳዊቷ ሱዛን ከአገራችን ልጅ ከሀብታሙ ጋር ገደሉ አፋፍ ላይ ያቆሙት ምግብ ቤት ነው፤ «ቤን» በእነሱ አገር ተራራ ማለት ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ሳስተምር መብራቱን ከሩቅ ከማየት በቀር ገብቼ አላውቅም ነበር። የመምህር ደሞዝ ታውቁታላችሁ 😀

ባለፈው ሐሙስ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለ። «ቲቸር፣ ጾም ሳይገባ ዛሬ እራት በኔ ነው!» አስጎብኚ ነው። በኮሮናው፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ቱሪስት ሲጠፋ ድንጋይ ሲሸከም አይቼዋለሁ። ሰሞኑን እንግዳ አግኝቷል።

ቤቱ ጢም ብሏል። ፈረንጁ፣ ሾፌሩ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች፣ ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ። ንፋሱ ግን ያው የላስታ ንፋስ ነው፣ ጋቢ ያስመኛል። ሜኑው ላይ «ሼፐርድስ ፓይ» አየሁ። የእረኛ ፓይ መሆኑ ነው፤ ከታች የተፈጨ ሥጋ፣ ከላይ ድንች። ሳቄ መጣ። እኔ በግ ስጠብቅ ምሳዬ ኪሴ ውስጥ ያለ ቆሎ ነበር፤ እሱም ከቀትር በፊት ያልቃል። አዘዝኩት። ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። ሚጥሚጣ ግን አስጨምሬበታለሁ።

በመሀል «ቲቸር፣ አስረኛ ክፍል ሆኜ ያሉኝን ያስታውሱታል?» አለኝ። እንዴት እረሳዋለሁ! ከክፍል እየጠፋ ቱሪስት ሲከተል ይዤው፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ «አንተ ከፈረንጅ ኋላ እንደሮጥክ ትቀራታለህ» ብዬዋለሁ። ያንን እንግሊዝኛ የተማረው እዚያው ሲሮጥ ነው፤ ከኔ ክፍል አይደለም።

መልስ ሳልሰጠው ሒሳብ መጣ። እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ «ተዉ እንጂ ቲቸር፣ አያሳፍሩኝ» ብሎ ቀደመኝ።

ሳልነግርህ ተለያየን። ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ያኔ ልጆቹ ፊት ስለተናገርኩህ፣ እዚህም ሰው ፊት፣ ይቅርታ።