ከሚሄደው ጋር መሄድ

በየቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ የሰርግ ፎቶግራፍ አይጠፋም። እኛም ቤት አለ። ባለቤቴ በዚያ ፎቶ ላይ ጸጉሩ ጥቁር፣ ወገቡ ቀጭን ነው፤ ዓይኑም ከእኔ ላይ አይነሣም። ለብዙ ዓመታት ባኮረፍሁ ቁጥር በልቤ የማወዳድረው ከዚያ ፎቶ ጋር ነበር። «ያ ሰው የት ሄደ?» እል ነበር። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሌሎች ሁለት ፎቶግራፎች ነው።

ጥር 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን፣ ማንኩሳንና ቡሬን አልፈን እንጅባራ ሄድን። ዕለቱ የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብርበት ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በዓድዋ ጦርነት የዘመቱትን አርበኞችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ያስባል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ጋብዘውን ነበር። እኔም ወንድሜ ከውጭ አገር የላከልኝን ካሜራ ይዣለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ሰርግ ሲኖር ፎቶ የማነሣው በእርሱ ነው። ሙሽሮች ቁሙ ሲሏቸው ይቆማሉ። ፈረስ ግን ማን ቁም ይለዋል?

ያን ቀን ሜዳው በፈረስ ተሞልቶ ነበር። ኮርቻው አጊጧል፣ ምድሪቱ ትንቀጠቀጣለች። እኔም ሳላቋርጥ አነሣሁ። ማታ ከባለቤቴ ጋር ብናየው ሁሉም ጭጋግ ነው። «ፈረሱ የታለ? ያነሣሽው እኮ ጭስ ነው» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እርሱ ሲስቅ ከሰማሁ ብዙ ወራት አልፈው ነበር።

ወደ ከተማችን ስንመለስ ፎቶ ቤት ያለውን ወጣት ጠየቅሁት። «እትዬ፣ የዘገየው ካሜራዎ ነው» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ውስጥ ሻተር የሚሉት መዝጊያ አለ፤ ተከፍቶ ብርሃን ያስገባና ይዘጋል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነገር በአንድ ሰከንድ 10 ሜትር ይጓዛል። ሻተሩ ለሰከንድ 1/30ኛ ቢከፈት፣ በዚያች ቅጽበት ውስጥ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያልፍ ምስሉ ይደበዝዛል። ለ1/1000ኛ ሰከንድ ብቻ ቢከፈት ግን የሚንቀሳቀሰው 1 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ሻተሩ ሲፈጥን የሚገባው ብርሃን ስለሚያንስ፣ ፀሐይ ደመቅ ሲል ማንሣት ይሻላል።

ሰው ይህን ያወቀው በቀላሉ አይደለም። ሠዓሊዎች ለብዙ ዘመን የሚጋልብ ፈረስ ሲሥሉ አራት እግሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘርግቶ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በካሊፎርኒያ 12 ካሜራዎችን ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አነሣ። ፎቶዎቹ ሲታዩ፣ የፈረሱ አራት እግሮች በእርግጥ ከመሬት ይነሣሉ፤ የሚነሡት ግን ተዘርግተው ሳይሆን ከሆዱ ሥር ተሰብስበው ሳሉ ነው። ፈረስ ሲጋልብ በየቀኑ ያየ ዓይን ሁሉ ይህን አላየም ነበር።

እኛ ፈረስ የለንም፤ ሞተር ሳይክል ግን አለ። ባለቤቴ በገጠር ያሉትን ምዕመናን የሚጎበኘው በእርሷ ነበር። እውነት ለመናገር ያችን ሞተር አልወዳትም ነበር። ድምፅዋን ስሰማ «ደግሞ ሊሄድ ነው» እላለሁ። «ቤትህስ ምዕመን አይደለም ወይ?» ብዬ የተናገርሁበት ቀን አለ። ከዚያ ወዲህ እርሱም ሲሄድ ብዙ አይናገርም፣ እኔም አልጠይቅም። አንድ ማዕድ እንበላለን፣ አብረን እንጸልያለን፣ ግን በመካከላችን ዝምታ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ፎቶ ልለማመድ፣ ወዲያና ወዲህ እየነዳህ ታሳየኛለህ?» አልሁት። ተገርሞ አየኝና እሺ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የኮረት መንገድ ላይ ቆምሁ፤ እርሱም ሃያ ጊዜ ያህል ተመላለሰልኝ። ማታ ፎቶዎቹን አጉልቼ ሳይ ደስ አለኝ። የጎማው ሽቦዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ጠጠሩ በአየር ላይ ቆሟል። ከዚያ ግራ እጁን አየሁ። ፍሪሲዮኑን የያዘው በሁለት ጣቶቹ ብቻ ነው። ከእጅጌው ሥር የፋሻ ጫፍ ወጥቷል። ፊቱም ተጨማድዷል።

«እጅህ ምን ሆነ?» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ከሦስት ሳምንት በፊት ወንዝ ስሻገር ወድቄ ነበር» አለኝ። «ለምን አልነገርኸኝም?» ስለው፣ «ብነግርሽ ሁለተኛ አትሂድ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አለ።

እህቶቼ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ በቀኝ እጁ ሲበላ ግራውን አላየሁም። እንዳይነግረኝ በሩን የዘጋሁትም እኔው በአንደበቴ ነኝ። ለእኔ ብሎ በታመመ እጁ ሃያ ጊዜ መመላለሱን ሳስብማ እንባዬ መጣ። እርሱም ስለ ደበቀኝ ይቅርታ ጠየቀ፤ እኔም ጠየቅሁ። ሰኞ ጠዋት ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን።

ለፎቶ ቤቱ ወጣት ሥራዬን ሳሳየው፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ሞተሩ የቆመ ይመስላል» አለኝ። ሌላም ዘዴ አስተማረኝ፤ ፓኒንግ ይሉታል። ሻተሩን ወደ 1/30ኛ ወይም 1/60ኛ ሰከንድ ዝቅ ማድረግ፣ እግርን መትከል፣ ከዚያም ከወገብ እየዞሩ የሚሄደውን ሰው በእርሱ ፍጥነት መከተል። ሳይደርስ መጀመር፣ ሲደርስ በቀስታ መጫን፣ ከተጫኑ በኋላም ማቆም የለም። «አብረውት ከዞሩ እርሱ ይጠራል፤ የሚደበዝዘው ዳሩ ነው» አለኝ። የባለቤቴ እጅ ከዳነ በኋላ ሞከርሁት። ከሃምሳ ፎቶ ሦስት ተሳካልኝ። በአንዱ ላይ የባለቤቴ ፊት ጥርት ብሏል፤ ባሕር ዛፉ ደግሞ እንደ አረንጓዴ ክር ተስቧል። እየሄደ መሆኑ ይታያል፤ ፊቱም ይታያል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ጴጥሮስና ስለ ሦስቱ ዳሶች ተምሬ ነበር (ማቴ. 17)። ጴጥሮስ ያን የክብር ሰዓት እዚያው ሊያቆየው ወደደ። ጌታ ግን ከተራራው ወረደ፤ ከታች ልጁ የታመመበት አባት ይጠብቅ ነበርና። ይህን ያስተማርሁ እኔ፣ በሰርጌ ፎቶ ላይ ዳስ ሠርቼ መቀመጤን አላስተዋልሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ በሞተሩ ኋላ ተቀምጬ ከእርሱ ጋር መሄድ ጀመርሁ። ባለቤቴም በሳምንት አንድ ማታ ስልኩን ዘግቶ ቤት ይውል ጀመር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ መንገድ እንደ ድሮው አልተሄደበትም። እነዚያን ጉዞዎች ሳስታውስ ጌታን አመሰግናለሁ።

ውድ ባለትዳሮች፣ ሁለቱም ያስፈልጉናል። አንዳንድ ጊዜ ሁሉን አቁሙና የትዳር ጓደኛችሁን እጅና ፊት በደንብ እዩ፤ ያልተነገራችሁ ሕመም ይኖር ይሆናል። ግን ሰውን አቁማችሁ ልታኖሩት አትችሉም፤ እግዚአብሔር በመንገድ ላይ አኑሮታልና። አብራችሁት ዙሩ። ዛሬ ከሰርጋችን ፎቶ አጠገብ የባሕር ዛፉ ፎቶ ተሰቅሏል። ባለቤቴ «እዚህኛው ላይ አርጅቻለሁ» ይላል። እኔ ግን እርሱን አብዝቼ አያለሁ።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።